ሴትዮዋ፣ ሰውዬውና የማክሰኞ ፊልም

ሴፕቴምበር 10፣ ማክሰኞ

ዛሬ ፅዮን ሲኒማ ብቻዋን ሄደች። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ማክሰኞ የኛ ቀን ናት። መጀመሪያ የመረጥናት ትኬት ስለሚረክስባት ነው፤ ኋላ ግን ልማድ ሆነች። ልጃችን ሔቨን ሕፃን ሳለች እንኳ ጎረቤት ዘንድ ትተናት እንሄድ ነበር። ዛሬ ግን የፕሬዝዳንት ዕጩዎቹ ክርክር ስለነበረ ጓደኛዬን ምናሉን እኛ ቤት መጥቶ እንዲያይ ጠርቼዋለሁ። "ፊልሙ በሚቀጥለው ሳምንትም ይኖራል፣ ክርክሩ ግን ዛሬ ብቻ ነው" አልኳት። "እሺ" አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። አስቤዛ ልትገዛ የሄደች መስሎኝ ነበር።

ክርክሩ ላይ ሰውዬው፣ ወንዱ ዕጩ፣ የኛን ከተማ የኦሮራን ስም ጠራ። ስደተኞች ከተማውን ወረውታል የሚል ነገር። "ወልዴ፣ ተወርረን ሳናውቀው!" አለ ምናሉ። ታክሲ ነጂ ነው፣ ከተማውን እንደ ኪሱ ያውቀዋል። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። የፅዮን ወንድም ሮቤል ከኋላችን ቆሞ ውሃ ይጠጣ ነበር። ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደሚኖርበት ምድር ቤት፣ ወደ ቤዝመንቱ ወረደ። ጠዋት ሥራ ስላለው ይሆናል።

ፅዮን ስትመለስ "ፊልሙ ስለ ምንድነው?" አልኳት።

"ስለ ሁለት ሰዎች ነው።"

"ጥሩ ነው?"

"ነገ እንቁጣጣሽ መሆኑን ታውቃለህ?" አለችኝ።

ረስቼው ነበር።

ሴፕቴምበር 12

ሀሳቤን እዚሁ ልጻፈው፣ ሔቨን ኮሌጅ ስትገባ ጥላው የሄደችው ደብተር ላይ። ቤት ውስጥ የሚያዳምጠኝ የለም።

እኔ ሰውዬውን ነው የምመርጠው። ዜግነት ካገኘሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ አንድም ጊዜ መርጬ አላውቅም፤ ዘንድሮ ግን እመርጣለሁ። ኑሮው ሰው ያሳብዳል። ከአጎዋ የንግድ ዕድል ያስወጡን የሴትዮዋ ወገኖች ናቸው፤ ያኔ ሰልፍ ወጥተን ድምፃችን እስኪዘጋ ስንጮህ ማን ዞር ብሎ አየን? ሴትዮዋ ስትስቅ ደስ ትላለች፤ ሳቅ ግን ዳቦ አይሆንም። ድንበሩም ቢሆን፣ በር ያለው ቤት ይቆለፋል።

ይህን እራት ላይ ተናገርኩ። ፅዮን ከትሪው ቀና ሳትል፣ "ስለ ግድቡ የተናገረውን ረሳኸው? ያፈነዱታል ያለውን?" አለች።

"እሱ ተናገረ። እነዚህ ግን አደረጉት።"

"በር ያለው ቤት ይቆለፋል ነው ያልከው?"

"አዎ።"

"አንተ መተማን አልፈህ ሱዳን ስትገባ ማን ነበር ማህተም የመታልህ?"

ሮቤል እጁን ሊታጠብ ተነሳ። ገና ሁለት ጉርሻ እንኳ አልበላም ነበር። እኔ እኮ የተመዘገብኩ ስደተኛ ነበርኩ፣ ተራዬን ጠብቄ ነው እዚህ የገባሁት። ይህን ልላት ስል እሷም ተነሳች።

ሴፕቴምበር 17፣ ማክሰኞ

ፅዮን ሥራ ገባች። የምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ፣ ነርሲንግ ሆሙ፣ ሰው ስለጎደለበት ከአሁን በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ ትሠራለች። ብቻዬን ሲኒማ ሄድኩ። ትኬት የምትሸጠው ልጅ "አንድ?" አለችኝ። ድምጿ ላይ ምንም አልነበረም፤ እኔ ግን "ባለቤቴ ሥራ ላይ ናት" ብዬ አስረዳኋት።

ፊልሙ አይረባም። ሁሉም ሰው ይሮጣል።

ለባልና ሚስት የሚሆን ፊልም ሩጫ አይበዛበትም። የሚሞት ሰው ካለም መጀመሪያ ላይ ይሙት። ሲያልቅ ደግሞ መኪና ውስጥ የሚያነጋግር ነገር መተው አለበት። እስከዛሬ ካየናቸው እኔ የምወደው ባልየው ሳያውቅ የገዛ ሚስቱን ሁለተኛ ጊዜ የሚያገባበትን ነው። ፅዮን የምትወደው ሽማግሌውና አሮጊቷ ጋራዥ ውስጥ ጀልባ ሲጠግኑ የሚከርሙበትን ነው። ጀልባዋ ውሃ ሳትነካ ፊልሙ ያልቃል። "ታዲያ ምኑ ነው የሚያምረው?" ስላት፣ "አብረው ይሠሩ የለ?" አለችኝ።

መጀመሪያ መጀመሪያ እንግሊዝኛዋ ገና ስለነበረ በጆሮዋ እተረጉምላት ነበር። ግማሹ ለኔም አይገባኝም፤ ከራሴ እየጨመርኩ እሞላዋለሁ። ከዓመታት በኋላ ያንን የሠርጉን ፊልም ሔቨን ቤት ውስጥ ስታየው፣ ፅዮን "የሞተው ወንድሙ ጋ ደረስሽ?" ብላ ጠየቀቻት። ፊልሙ ውስጥ የሞተ ወንድም የለም። እኔ ነኝ የገደልኩት። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ያን ዓይነት ሳቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜ ሆነኝ?

ሴፕቴምበር 28፣ ቅዳሜ

የደመራ በዓል በቤተ ክርስቲያን። ፓርኪንጉ ሞልቶ ሩቅ ፓርክ አደረግኩ። ስመለስ የመዘምራኑ ምንትዋብ ከሌላ ሴት ጋር ስታወራ ሰማሁ። "የፅዮን ወንድም የጥገኝነት ጉዳይ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ለኖቬምበር ተቆረጠ አሉ። እመቤቴ ትቁምለት።"

እኔ አልሰማሁም። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን ፓርኪንግ ላይ ሰማሁት።

መኪና ውስጥ ጠየቅኳት። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ከምናሉ ጋር ስትስቅ እንዴት ብዬ ልንገርህ?"

"የሳቅነው በሮቤል አይደለም።"

"እሱ ግን እዚያው ቆሞ ነበር" አለች። ከዚያ ኦሮራ እስክንገባ መስኮቱን ስታይ መጣች።

ኦክቶበር 6

ሔቨን ኮሌጇ ካለበት ከፎርት ኮሊንስ ደወለች። እናቷ ነግራታለች መሰለኝ።

"ዳዲ፣ ፎር ሪል? አንክል ሮቢ እኮ ቤዝመንት ነው ያለው!"

"ስለሱ አይደለም የሚያወሩት። ስለ ወንጀለኞች ነው።"

"ዘይ ዶንት ኖው ሂም፣ ዳዲ። አንተ ግን ታውቀዋለህ።"

የመጨረሻዋን በአማርኛ ነው ያለችው። በእንግሊዝኛ ብትቀጥል ይሻለኝ ነበር።

ኦክቶበር 11

ሰውዬው ዛሬ ኤርፖርት አጠገብ ካለ ሆቴል ንግግር አደረገ። መንገዱ ተጨናንቆ የኤርፖርት መንገደኛ የማመላልስበትን ሻትሌን ይዤ ስዞር ዋልኩ። የሰውዬውን ደጋፊዎች ቀይ ኮፍያ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ከጎኔ ተቀመጡ። ጨዋ ሰው ናቸው።

"እዚህ መኖር አያስፈራህም?" አሉኝ።

"ብዙ ዓመቴ ነው፣ ምንም የሚያስፈራ ነገር የለም።"

"ከየት ነህ?"

"ከኢትዮጵያ።"

"አንተ ከደህናዎቹ ነህ" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ሻንጣቸውን ሳወርድላቸውም "ሁሉም እንዳንተ ቢሆኑ ምናለ" አሉ።

ደስ ብሎኝ ነበር። ቤት ስገባ ለፅዮን ልነግራት ጀመርኩና መሃል ላይ አጨራረሱ ጠፋኝ።

"ከዚያስ?" አለች።

"ከዚያማ፣ ሻንጣቸውን አወረድኩላቸው።"

ኦክቶበር 16

የምርጫ ወረቀቶቹ በፖስታ መጡ። የኔ፣ የፅዮን፣ የሔቨን። ከሳጥኑ አውጥቶ ያመጣቸው ሮቤል ነው። ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስተካክሎ ደረደራቸው። "ጋሼ፣ ይሄ ያንተ ነው" አለኝ በሁለት እጁ እየሰጠኝ። "እናንተ አገር ምርጫ እንዲህ ቤት ድረስ ይመጣል?" ብሎ ፈገግ አለ።

እናንተ አገር አለ።

ኦክቶበር 19

ሞላሁት። ፈረምኩ። አሸግኩ።

አላስገባሁትም።

ኦክቶበር 21

ከሥራ በፊት ላይብረሪው ጋ ካለው የምርጫ ሳጥን ከተትኩት። ሲወድቅ ድምፅ እንኳ የለውም። የገዛ ድምፄ ነው፣ የገዛ መብቴ ነው። ምናሉ ደውሎ "አስገባህ?" አለ። "አስገባሁ" አልኩት። "ጀግና!" አለ።

ኦክቶበር 22፣ ማክሰኞ

ዛሬ የሆነውን ሳይጠፋብኝ በደንብ ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ ሮቤል ከመኪና እጥበት ሥራው ገብቶ ቤዝመንት ሊወርድ ሲል፣ ከአፌ አምልጦ "ፊልም እናያለን?" አልኩት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ብቻዬን መሄድ ስለሰለቸኝ ይሆናል። ልብሱን ቀይሮ፣ ጫማውን ወልውሎ ወጣ። እንደ ሙሽራ።

የፍቅር ፊልም ነበር። አዳራሹ በሙሉ ጥንድ ጥንድ፤ እኛ መሃላቸው ፈንዲሻ ይዘን ሁለት ወንዶች። ሴት ልጅቷ ደረጃ ላይ ቆማ ስታለቅስ፣ ልጁ ከታች ሳያያት ሲያልፍ፣ ሮቤል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ በወፍራም ድምፅ፣ "ወዮ! ይሄ ደንቆሮ፣ ቀና ቢል እኮ ታሪኩ እዚሁ አለቀ!" አለ። ሳቄ አመለጠኝ። ከፊት ያለችው ሴትዮ ዞረች። ለካ ሮቤል ልጅነቱን በሙሉ ከተማቸው ቪዲዮ ቤት በማይክ ፊልም ሲተርክ ነው ያደገው። ሁለት ዓመት ቤቴ ተቀምጦ ይህን አላውቅም ነበር። እስኪያልቅ በሹክሹክታ ተረከልኝ። የሌለ አጎት ጨመረ፣ የሌለ የመሬት ክርክር ጨመረ። የኔን የሞተ ወንድም ነገርኩትና እሱም ተንፈቀፈቀ።

መኪና ውስጥ ገብተን ቁልፉን ሳላዞር፣ "ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንህ?" አለኝ።

"በል።"

"ያን ቀን ማሽላው ውስጥ ሆኜ ስደውልልህ የሰማኸውን፣ ለዳኛዋ ትነግርልኛለህ? ጠበቃዋ ምስክር ያስፈልጋል ትላለች። ከአንተ በቀር የሰማ ሰው የለም።"

ያን ቀን። ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ፅዮን ሥራ ላይ ሆና ስልኳ ተቆልፎበት ነበርና ወደ እኔ ደወለ። ታጣቂዎች የሰፈሩን ወንዶች እየለቀሙ ነበር። ማሳ ውስጥ ተኝቶ በሹክሹክታ ሲያወራኝ ከኋላው ውሾች ሲጮኹ፣ ሰዎች ስም ሲጠሩ ይሰማኛል። ከዚያ መናገር አቆመ። ትንፋሹን ብቻ ሰማሁ። አልዘጋሁትም። ስልኩ ከጆሮዬ ጋር እስኪግል ድረስ ያዝኩት። ከዚያ የሴት ጩኸት፣ ከዚያ ተኩስ፣ ከዚያ ቆይቶ የሱ ድምፅ፦ "ሄዱ።" ለፅዮን ስትመጣ "ሮቤል ደውሎ ነበር፣ ደህና ነው" አልኳት። ሌላውን አልነገርኳትም። ለምን ላስጨንቃት?

"እመጣለሁ" አልኩት። ከዚያ ዝም ማለት አልቻልኩም። "ሮቤል፣ እኔ ግን ትናንት የመረጥኩት…"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ" አለኝ። "ፖስታውን ስትይዘው ፊትህን አይቻለሁ። ምስክር ግን ያለኸኝ አንተ ብቻ ነህ።"

ሞተሩን አስነሳሁ።

ኖቬምበር 6፣ ረቡዕ

ሰውዬው አሸነፈ። ምናሉ ሦስት ጊዜ ደወለ፤ አላነሳሁትም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። መስኮቱ ላይ ቆሜ በረዶ ሲጥል አየሁ።

ፅዮን ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ነርሲንግ ሆሙ ውስጥ የሚሠሩት ሐበሾች እኩሌቶቹ ሲያለቅሱ እኩሌቶቹ ሲሳሳቁ እንደዋሉ ነገረችኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ያወራችኝ ረጅሙ ነገር ነው። ከዚያ፣

"ለማን መረጥክ?" አለች።

ልዋሽ እችል ነበር። የኛን ግዛት ኮሎራዶን ሴትዮዋ ናት ያሸነፈችው፤ የኔ አንድ ድምፅ ምንም አልጨመረም፣ ምንም አልቀነሰም። ይህንንም ልላት አስቤ ነበር።

"ለሰውዬው።"

"ወንድሜ እዚህ ታች ተኝቶ?"

"ፅዮን፣ በሱ ላይ አይደለም…"

"በማን ላይ ነው ታዲያ?" ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህ እመልስላት ነበር።

ኖቬምበር 9

በረዶው ሲያባራ እዚሁ ቅርብ ያለችው ከተማ፣ ግሌንዴል ሄደች፣ ጓደኛዋ ብዙዬ ጋ። "ለጥቂት ቀን ነው" አለች። ሮቤልን ይዛው ሄደች። ሻንጣዎቹን ልሸከም ብል ሮቤል "ተው ጋሼ፣ ቀላል ነው" አለኝ።

በዛ ልብስ ይዛለች፣ ለጥቂት ቀን።

ኖቬምበር 12፣ ማክሰኞ

ሲኒማው ድረስ ነዳሁ። ፓርክ አደረግኩ። ጥንዶቹ ሲገቡ አየሁ። ተመለስኩ።

ኖቬምበር 16

ሔቨን መጣች። ቤዝመንት ወርዳ ቆይታ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች። ፓስታ ሠራችልኝ። ስለ ምርጫ አንድም ቃል አልተናገረችም። ስትሄድ አቅፋኝ "ሐሙስ ፍርድ ቤት ትሄዳለህ አይደል?" አለች።

"እሄዳለሁ።"

"ማሚ አንተ አትሄድም ብላ ነው የምታስበው።"

ኖቬምበር 21፣ ሐሙስ

ኅዳር ሚካኤል። ለሠርግ የገዛሁትን ሱፍ ለበስኩ፤ ሆዱ ላይ አይቆለፍም። ጠበቃዋ እስክጠራ ኮሪደር ላይ እንድቀመጥ አዘዘችኝ። ስገባ ፅዮን ከኋላ ወንበር ላይ ነጠላዋን ተከናንባ አየኋት። ቀና አላለችም።

በአማርኛ ነው የተናገርኩት። አስተርጓሚው ወጣት ልጅ ነው፤ ቃል በቃል ይከተለኛል። የእኔ ዓይነት ተርጓሚ ስላልሆነ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለ ማሽላው፣ ስለ ስም ጥሪው፣ ትንፋሹ ብቻ ስለቀረበት ጊዜ ተናገርኩ። የመንግሥት ጠበቃ ተነሳ።

"በዓይንዎ ያዩት ነገር የለም። በስልክ ብቻ ነው። እውነት መሆኑን በምን ያውቃሉ?"

"ውሾቹን ሰምቻለሁ" አልኩ። "አንዲት ሴት ስትጮህ ሰምቻለሁ። ስትጠራ የነበረው የልጇን ስም ነው፤ 'እንዳልክ! እንዳልክ!' ትል ነበር። ሁለት ጊዜ ጠራችው። ሦስተኛውን ሳትጨርስ ተኩስ ሰማሁ።"

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አስተርጓሚው ትንሽ ቆም ብሎ ነው የተረጎመው። ከኋላዬ ፅዮን ስታለቅስ ሰማኋት። ዞሬ እንዳላያት ዳኛዋ ፊት ነኝ።

"ወደ አገሩ ቢመለስ አደጋ ላይ ይወድቃል ብለው ያምናሉ?" አለች ዳኛዋ።

"አዎ።"

"እርስዎ እሱን ለመርዳት ሲሉ ነው ይህን የሚሉት?"

"ሳልረዳው የቀረሁት እስካሁን ዝም በማለቴ ነው" አልኩ። ጥሩ መልስ መሆን አለመሆኑን አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ዳኛዋ ጥገኝነቱን ፈቀደችለት። ሮቤል ነገሩ ስላልገባው አስተርጓሚውን ደግመህ ንገረኝ አለው። ሲገባው ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ፅዮን ላዩ ላይ ወደቀች። እኔ ኮቴን ይዤ ቆምኩ።

ኮሪደር ላይ ወደ እኔ መጣች። ፊቷ አብጧል። "ያን ሁሉ ሰምተህ ነው ደህና ነው ያልከኝ?"

"እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።"

ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ "እግዚአብሔር ይስጥልን" አለችኝ። ለባዕድ እንደሚባለው። መንገድ ላይ የቆመ መኪና ገፍቶ ላስነሳ ሰው እንደሚባለው።

ኖቬምበር 26፣ ማክሰኞ

ምናሉ መጥቶ ነበር። "ይኸው ተፈቀደለት፣ ምን ሆነች ታዲያ? ለፖለቲካ ተብሎ ትዳር ይፈርሳል?" አለኝ። "ለፖለቲካ አይደለም" አልኩት። "ለምንድነው?" አለኝ።

ሰውዬውን ስለመረጥኩ አይደለም የሄደችው። ብዙ ባሎች መርጠውታል፤ ሚስቶቻቸው አኩርፈው ተመልሰዋል። እኔ እሷ ዝም ስትል ደክሟት ነው እላለሁ። ወንድሟ ከትሪ ሲነሳ ሥራ አለው እላለሁ። ይህን ዛሬ ነው ጽፌ ያየሁት። ለምናሉ ግን "ኧረ ትመጣለች" አልኩት።

ዲሴምበር 1፣ እሑድ

ፅዮንና ሮቤል ግሌንዴል ውስጥ አፓርትመንት ተከራዩ። ሮቤል "ጋሼ፣ አልጋው ከባድ ነው" ብሎ ደወለልኝ። በእጄ ያለውን ጥዬ ሄድኩ።

ሊፍት የለውም። አልጋውን ፈታትተን በደረጃው አወጣነው፣ እኔ ከታች፣ እሱ ከላይ። ፅዮን ኩሽና ውስጥ ሳህን ታጥባለች። ዛሬ ስታናግረኝ ድምፅዋ ደህና ነበር። "መዶሻው መሳቢያው ውስጥ ነው" አለችኝ። "ውሃ ትጠጣለህ?" አለችኝ። አልጋውን ገጠምኩላት። መጋረጃ መስቀያም በስቼ ሰቀልኩ። ሥራው እንዳያልቅ ቀስ እያልኩ ነበር መሰለኝ፤ ሮቤል ሁለቴ "በቃህ ጋሼ፣ እረፍ" አለኝ።

ኮቴን ለብሼ በሩ ላይ ስደርስ፣ ከፊት ለፊት ካለው ቤት አንዲት አሮጊት ብቅ አሉ። ሐበሻ ናቸው፤ የራስ ሻሽ አስረዋል። ድምፅ ሰምተው ነው የወጡት።

"እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ጎረቤት ልትሆኑ ነው?" አሉ ደስ ብሏቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተስ ልጄ፣ እዚሁ ነህ? የቤቱ አባወራ ነህ?"

አፌን ከፈትኩ። ዕቃ ላግዝ የመጣሁ ነኝ ልል ነበር፤ ሮቤል ወለሉን አየ። ውሃው ኩሽና ውስጥ ሲዘጋ ሰማሁ። ፅዮን እጇን በፎጣ እየጠረገች ብቅ አለች።

"ባለቤቴ ነው፣ እማማ" አለች። "እሱ የሚኖረው ኦሮራ ነው።"